ቶሎ የመጣው መልስ

ሆስፒታሉ ውስጥ «ጋሽ ፒንግ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፤ በፍቅር ነው ብሎ የሚምል ግን የለም። ኮምፒውተር አልከፈት ሲል፣ ማተሚያው ወረቀት ሲጎርስ፣ የላቦራቶሪ ውጤት መንገድ ላይ ሲቀር ይደውሉለታል። እሱም ትንሽ ቆይቶ በዚያ በደከመ ድምፁ «ፒንግ አድርጌዋለሁ፣ ይመልሳል» ይላቸዋል። ይህ በእሱ ቋንቋ «ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፣ በሽታው እናንተ ጋ ነው» ማለት ነው። ነርሶቹ መልሱን ከመልመዳቸው የተነሣ፣ አንዷ ባሏን ደጋግማ ጠርታ ዝም ሲላት «ፒንግ አድርጌዋለሁ፣ አይመልስም» ትላለች ይባላል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ፒንግ በር እንደ ማንኳኳት ነው። እዚህ ያለው ኮምፒውተር እዚያ ማዶ ወዳለው «አለህ?» ብሎ ይልካል፤ ያኛው «አለሁ» ይላል። ሌላ ጨዋታ የላቸውም። መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ካልመጣ አንድ ቦታ አንድ ነገር ተበጥሷል። ሰውየው ጸጉሩ የሸበተው ይህንን ሲያንኳኳ ነው። ክፍሉ ከደረጃው ሥር ናት፤ መስኮት የላትም፤ ማቀዝቀዣው ክረምት ከበጋ ስለሚነፍስ ኮቱን አያወልቅም። የወንበሩ አንድ ክንድ ተሰብሮ በኔትወርክ ገመድ ታስሯል። አዲስ ወንበር ከጠየቀ ቆይቷል፤ አሁን መጠየቁም ሰልችቶታል።

ከሳምንት በፊት የጀመረው ችግር ግን እንደ ወንበሩ «ይቆይ» የሚሉት አልነበረም። ሆስፒታሉ ሩቅ አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ቅርንጫፍ ክሊኒክ አለው፤ ማለዳ የተነሣ መኪና ማምሻውን ነው የሚደርሰው። እዚያ የራጅ መሣሪያ እንጂ ራጅ የሚያነብ ሐኪም የለም። ስለዚህ ምስሎቹ በኔትወርክ ወደ ዋናው ሆስፒታል ይላካሉ፤ እዚህ ያለችው የሳንባ ሐኪም አይታ ትመልሳለች። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እዚያ «ልከናል» ይላሉ፣ እዚህ ምንም የለም።

ያ ከተማ ጋሽ ፒንግ የተወለደበት ነው። ካልደረሱት ራጆች አንዱ ደግሞ የአባቱ ደረት ነው።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ሳምንቱን ሙሉ «ይመልሳል፣ ኔትወርኩ ደህና ነው» ሲል የከረመው እሱ ነው። አሁን «የአባቴም አለበት» ቢል፣ ለሌላው ሰው አባት ያልተጋ ለራሱ ሲሆን ተነሣ እንዳይባል አፈረ።

በዚያን ቀን ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ደውሎ ነበር፤ በአባቱ ስልክ። ታላቅ እህቱ አንዴ እንኳ በደንብ ሳይጠራ አነሣችው።

«እትዬ፣ እንዴት አደ—»

«ደህና ናቸው። ደህና ነን። አንተስ፣ ሥራ እንዴት ነው?»

«አባባ አሉ?»

«ተኝተዋል። ደህና ናቸው አልኩህ እኮ። ራጁስ ምን አለ?»

«ገና አልደረሰም።»

«ሲደርስ ይድረስ። ለወጉ ነው እንጂ ሳሉም ቀንሶላቸዋል። በል ወንድምዓለም፣ ሥራህን ሥራ።»

ዘጋችው። እሱም ቀለለው። እውነቱን ለመናገር፣ ሲደክመው ሰው የሚፈልገው ቶሎ የሚያልቅ ስልክ ነው። አባቱ ራሳቸው ቢያነሡት ኖሮ እንዲህ ቶሎ አይለቁትም። ሽማግሌው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ስልክ ግን ዳገት ላይ እንደቆመ መኪና ነው የሚያስነሡት። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ስልኩን ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። ከዚያ የልጃቸው ስም ስክሪኑ ላይ ተጽፎ እያዩት «ማነው?» ይላሉ። የደወለው ሰው እስከዚያ ሻይ አፍልቶ ይመለሳል።

ክፍሉ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የቅርንጫፉ ራጅ አንሺ ደወለ። ሰውየው ዕድሜው ከእሱ ያንሳል፤ ትዕግሥቱ ደግሞ ከዕድሜውም ያንሳል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ? እንግዲህ የቀረኝ ኮምፒውተሩን ጠበል ማስጠመቅ ነው።»

«ፒንግ አድርጌዋለሁ፣ ይመልሳል።»

«እሱን ትናንትም ብለውኛል። ከትናንት ወዲያም ብለውኛል። ገመዱን ቀይር አሉኝ፣ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ ታሟል አሉኝ፣ ፈትቼ ገጠምኩ። ሕዝቡ ኮሪደር ላይ ተደርድሮ እኔ ብሎን ስፈታ ዋልኩ። ይኸውና ያው ነው።»

«ኔትወርኩን የሚያስገባላችሁ ራውተር እኮ ይመልስልኛል። እዚያ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው።»

«ይመልስ እንግዲህ። ታካሚዎቹን ለራውተሩ አሳያቸዋለሁ።»

ራጅ አንሺው ምስሎቹን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለሐኪሟ ልኮላት ነበር፤ እሷ ግን «በዚህማ ሳንባውን ከደመና መለየት አልችልም» ብላ መልሳለታለች። ፊልሙን በመኪና እንዳይልክ ደግሞ ጊዜ የለም። ሐኪሟ ነገ ጠዋት ለሥልጠና ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ከወር በኋላ ነው።

ረፋዱ ላይ ራሷ ከደረጃው ሥር መጣች። በሩ ላይ ቆማ የማቀዝቀዣውን ንፋስ በእጇ ከለከለች።

«ጋሼ፣ እስከ ሥራ መውጫ አለሁ። ከዚያ በኋላ እንኳን ከቅርንጫፍ፣ ከእናቴም ቢላክልኝ አላየውም። ሻንጣዬን እንኳ አላዘጋጀሁም።»

«እየሞከርኩ ነው ዶክተር።»

«መሞከርዎን አውቃለሁ። ‹ይመልሳል› ነው አይደል የሚሉት?»

በቀልድ ነው ያለችው። ሄደች፤ እሱም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና እዚያው ጥቁር ስክሪን ላይ እንደገና ማንኳኳት ጀመረ።

ምሳ ሰዓት ደርሶ ሰው ሁሉ ወጣ። እሱ እህል አላሰኘውም። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ አገጩን በመዳፉ ይዞ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ያያል። መልስ መጣ። መልስ መጣ። መልስ መጣ። ዓይኑ እያየ ልቡ ግን የለም፤ ሳምንቱን ሙሉም ያየው እንዲሁ ነው። «መልስ መጣ» የምትለዋን ካገኘ ቀሪውን ማንበብ ትቷል። ያን ጊዜ ግን ዓይኑ ደክሞት ይሁን ወይም ሌላ የሚያየው አጥቶ፣ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ቁጥር ላይ ወደቀ። መልሱ ለመምጣት የፈጀበት ጊዜ ናት። ከአንድ ሚሊ ሰከንድ፣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ፣ በታች ይላል።

ቀና አለ።

ያ ከተማ እንዲህ ፈጥኖ መልሶ አያውቅም። መስመሩን የዘረጋው ራሱ ነበር፤ ተራራ ላይ ካለው ማማ ወደ ማማ እየዘለለ ነው የሚሄደው። በደህና ቀን አርባ ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ ዝናብ ሲጥል ከዚያም ይብሳል። እዚያ ደርሶ የሚመለስ ነገር እዚህ ግድግዳ ደርሶ በሚመለስበት ፍጥነት ሊመጣ አይችልም። አስቸኳይ ቢሆንም አይችልም።

ትሬስ አደረገ። ትሬስ ማለት ደግሞ የላኩት ነገር በየትኛው ጣቢያ እንዳለፈ እየቆጠሩ መከተል ነው። ወደ ቅርንጫፉ ሲሆን ዝርዝሩን በቃሉ ያውቀዋል፦ መጀመሪያ የሆስፒታሉ መውጫ፣ ቀጥሎ የቴሌው ጣቢያ፣ ከዚያ ያ ተራራ ላይ ያለው ኩርፊያ የማይለቀው ጣቢያ፣ እሱ ሲጠየቅ ስክሪኑ ላይ የኮከብ ምልክት ብቻ ያሳያል እንጂ አይመልስም፣ ግን የሰጡትን ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ ነው ከተማው የሚመጣው። አሁን ስክሪኑ ላይ የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው። የሆስፒታሉን መውጫ እንኳ አልረገጠም። አንድ ጣቢያ፣ በቃ፣ ደርሻለሁ ይላል።

እዚሁ ሕንፃ ውስጥ የሆነ ነገር በቅርንጫፉ ስም «አለሁ» እያለ ይመልስለት ነበር። እሱም ሰባት ቀን ሙሉ አመስግኖ ስልኩን ሲዘጋ ከርሟል። «ወይ አንተ ሰውዬ» አለ ለራሱ፤ ከዚያ የባሰ ስድብ ለማውጣት አቅም አልነበረውም።

መልሱ በየትኛው ገመድ እንደሚመጣ፣ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ዋናውን ማከፋፈያ ጠየቀ። ሁለተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ክፍል። ጉልበቱን እየረገመ ደረጃውን ወጣ። የመዝገብ ሠራተኞቹ ባለፈው ሳምንት ነበር ወደዚህ ክፍል የተዛወሩት። የክፍሉ ኃላፊ ምሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች፤ ሲገባ ስታየው ሳህኑን በጋዜጣ ሸፈነችው።

«ጋሽ ፒንግ፣ ሳንጠራዎት መምጣት ጀመሩ?»

«ገመዱ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ይገባል፤ እዚያ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? አቧራ ነዋ።»

ተንበረከከ። ከአቧራው ጋር አንድ ጥቁር ሣጥን አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ተቀምጧል። አራት ገመድ ተሰክቶበታል። ጀርባው ላይ በነጭ ፕላስተር በራሱ እጅ ጽሑፍ «ሞቷል» ይላል።

ወዲያው አወቀው። ከጥቂት ወራት በፊት ቅርንጫፉን መብረቅ መትቶት ራውተሩ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ነበር። ሰካው፣ አልበራም፤ ፕላስተር ለጥፎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰደደው። ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ መጻፍ ስለታከተው ደግሞ ለተተኪው የሟቹን የኔትወርክ አድራሻ እንዳለ ሰጠው። የተቃጠለው ሣጥኑ ሳይሆን ኮረንቲ የሚሰጠው ገመድ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን አላሰበም። አስቦም ከሆነ ደክሞት ነበር።

«ይኼን ማን ሰካው?»

«እኛ። ለኮምፒውተሮቹ የኔትወርክ ቀዳዳ አነሰን፤ ግምጃ ቤት ወድቆ አገኘነው። የማተሚያውን ቻርጀር ስንሰካለት በራ።»

«‹ሞቷል› ተብሎ ተጽፎበት?»

«ታዲያ ሞቷል ያሉት እርስዎ ነዎት እንጂ እሱ አላለም። አራት ኮምፒውተር ተሸክሞልን ይኸው ይሠራል።»

ሊስቅ ቃጣው፤ ግን አልወጣለትም። ሣጥኑ ነቅቶ ራሱን አሁንም ያ ከተማ ውስጥ ያለ መስሎታል። ከነቃ ጀምሮ ለሆስፒታሉ መሣሪያዎች ሁሉ «ወደ ቅርንጫፍ የሚሄድ ነገር ካለ ለእኔ ስጡኝ» ሲል ነበር፤ እነሱም አምነው ይሰጡት ነበር። ራጆቹ ከቅርንጫፉ ይነሣሉ፤ «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚለው መልስ ግን ወደ ከተማው መሄዱ ቀርቶ እዚህ ቁም ሣጥን ኋላ ይቀራል፤ መልስ ያጣው ራጅም መንገድ ላይ ይቆማል። ሲያንኳኩ ደግሞ አይሰንፍም፣ «አለሁ» ይላል።

ገመዱን ነቀለው። መብራቱ ጠፋ።

«ሥራ ሊያስፈቱን ነው እንዴ?»

«የእኔን ማከፋፈያ አመጣልሻለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን። አሁን አመጣለሁ።»

በቃሉ ተገኘ፤ ከራሱ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ነቅሎ አመጣላትና ወደ ክፍሉ ወረደ። እንደገና አንኳኳ። ምንም የለም። ሌላም ላከ፤ ምንም የለም። ሳምንቱን ሙሉ «መልስ መጣ» ሲል የነበረው ስክሪን ዝም ሲል ሆድ ያባባል። መሣሪያዎቹ ትክክለኛውን መንገድ እስኪያስታውሱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ይህን ቢያውቅም ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ከዚያ አንድ መልስ መጣ። አርባ ሦስት ሚሊ ሰከንድ። ዘገምተኛ ነው፣ የዚያ ከተማ ነው። ትሬስ አደረገ፤ ጣቢያዎቹ በተራቸው ወረዱ፣ ኩርፍተኛውም እንደ ልማዱ ኮከቡን አሳይቶ አሳለፈው።

ራጅ አንሺው ከመደወሉ በፊት እሱ ደወለለት።

«አንድ ላክ።»

«ፒንግ አደረጉት?»

«ላክ ብዬሃለሁ ወንድሜ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮምፒውተርህ ጤነኛ ነበር።»

ራጅ አንሺው ሊሰድበው የተዘጋጀበትን ሁሉ ዋጥ አደረገው መሰለኝ። «እሺ፣ ሁሉንም ልላክ» ብቻ አለ።

የሐኪሟ ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት ነው፤ መጋረጃውን ዘግታ ምስሎቹን በመጡበት ቅደም ተከተል ትከፍታለች። «እንዳይቋረጥብኝ እዚሁ ይቁሙልኝ» ስላለችው በሩን ተደግፎ ቆመ። አንዱን አየችና «ደህና» አለች። ሌላው የጎድን አጥንት ስብራት ነው፣ አጭር ነገር ጻፈችለት። የአንዲት ሴት ራጅ ላይ ትንሽ ቆየች። ሰዓቷን እያየች የሚቀጥለውን ከፈተችና እጇ ቆመ።

ከስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ስም ከሩቅ አነበበው። ምስሉን ማንበብ ባይችልም፣ አንደኛው ወገን ጥቁር ሆኖ ሌላኛው ከሥር ጀምሮ ነጭ መሆኑን አየ።

«ምነው ይኼን እስከ ዛሬ» አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለስክሪኑ። «ቀኝ ሳንባው ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ይኼ ሰውዬ ጋደም ብሎ መተኛት አይችልም እኮ። ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። ማነው ሳምንት ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

ዘወር ብላ አየችው።

«አባቴ ናቸው።»

አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ብድግ ብላ የራሷን ወንበር ሳበችለት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። «ውሃውን የሚቀዱ ሰዎች እዚህ አሉ» አለችው። «ለእነሱ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። ማንበቡ ነበር የእኔ። ነገ ማለዳ የቅርንጫፉ አምቡላንስ ይዟቸው ይነሣ፤ ትራስ አስደግፈው ቁጭ እንዳሉ ይምጡ። ደርሷል ጋሼ፣ አልረፈደም። ግን ከነገ አይለፍ።» ከዚያ ስልኩን አንሥታ ራሷ ወደ ቅርንጫፉ ደወለች።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ የግድግዳው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። «ተኝተዋል» ነበር ያለችው፤ ጠዋትም፣ ትናንትም። የማይተኛ ሰው እንዴት ይተኛል? ሳምንቱን ሙሉ የአባቱን ድምፅ እንዳልሰማ አሁን ገና ታወቀው። የሚደውለው በእሳቸው ስልክ ነው፤ ገና ሳይጠራ ይነሣል፣ ሳይጠይቅ መልስ ይመጣል። ጉሮሮ የጠረገ የለም። «ማነው?» ያለም የለም። ፈጥኖ ስለመጣለት ብቻ አመስግኖ ሲዘጋ ኖረ።

ደወለ።

«ደህና ናቸው» አለች እህቱ። «ምነው በዚህ ሰዓት? አሁን ገና ተኙ—»

«እትዬ።»

«ወይ።»

«ራጁ ደረሰ። አየሁት።»

«ደረሰ?» አለች።

«አባባን አቅርቢልኝ።»

«ለእሱ እንዳትነግሪው ብለውኝ ነው» አለች። ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብላ ያደረች የደከመች ሴት ድምፅ ነበር። «ሥራ ትቶ ይመጣል፣ መንገዱ ሩቅ ነው አሉኝ። ማሉብኝ። እኔም ስልኩን ከእጃቸው እየወሰድኩ... አይተኙም ወንድሜ። ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት። እኔም ከእሳቸው ጋር።»

«አውቃለሁ እትዬ። አልተቀየምኩሽም። ነገ ማለዳ አምቡላንስ ይመጣል፣ አንቺም አብረሽ ነይ። አሁን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊልኝ።»

የወንበር መንቀጥቀጥ ተሰማ፤ ከዚያ የጨርቅ መፋተግ። ከዚያ ምንም። እስትንፋስ ብቻ፣ አጭር አጭር፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው። አግዳሚው ላይ አጎንብሶ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ። ነርሶች አለፉ፤ አንዷ «ጋሽ ፒንግ» ብላ ልታወራው አስባ ፊቱን ስታይ ተወችው። ሳል መጣ። ከሳሉ በኋላ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ስልኩ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ተዛወረ።

«ማነው?» አሉ አባቱ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

እንደገና ዝምታ። አላስቸኮላቸውም። በዚያ ሁሉ ሳምንት ውስጥ ድካሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትከሻው ወርዶ ዓይኑ ላይ ደረሰ፤ ኮሪደሩ መሃል እንባው ወረደ። አምቡላንሱን፣ ውሃውን፣ ነገን ቀስ ብሎ ነገራቸው። ሲጨርስ መልስ አልመጣም። «አልመጣም» ሊሉት ነው ብሎ ፈራ፤ ሽማግሌው የማንም መኪና ተሳፋሪ ሆነው አያውቁም።

«ያን... መኪና» አሉ በመጨረሻ፤ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ማነው... የሚነዳው?»

ሾፌሩን አያውቀውም።

«እጠይቃለሁ አባባ» አለ። ስልኩን ግን አልዘጋም።